አፈሩን የወሰደ አፈሩን ይመልስ



በዚህ ዐምድ ስለ ሶላት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ ተጽፏል፤ ጠቅሞናልም። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጉድጓድ ነው። «ጉድጓድ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይገርመኝም። ካለፈው ዓመት ነሐሴ በፊት እኔም እንዲሁ እል ነበርና።

የምኖረው በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አገራችንን ለማታውቁት፣ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልባት፣ ወባና ካላዛር የማይለቃት ሞቃት ቆላ ናት። ሜዳዋ አብዛኛው ዋልካ ነው። የዋልካን ጠባይ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። በላዩ እንዲሁ የተሠራ መንገድ አይቆምም። ስለዚህ መንገድ ሠሪዎች ዋልካውን ገፍተው ያነሡና በምትኩ ከየኮረብታው ሥር የሚቆፈር ጠጠር፣ እነርሱ «ሰሌክት» የሚሉትን፣ ይሞሉበታል። ለድንጋዩም ካባ ይከፈታል። እንግዲህ ከየመንገዱ፣ ከየትምህርት ቤቱ፣ ከየጤና ጣቢያውና ከየመስጊዱ ጀርባ የሆነ ቦታ አንድ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። መንገዱን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ጉድጓዱን የሚያየው በአጠገቡ የሚኖር ብቻ ነው።

ከመድረሳችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቆ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አለ። የቆፈረውን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ክርክሬ ከአንድ ድርጅት ጋር አይደለምና። ሁለት በጋ ሙሉ ገልባጭ መኪናዎች ተመላለሱበት። ከዚያም ሥራው አለቀ፤ ዶዘሩና እስካቫተሩ በሎቤድ ተጭነው ሄዱ፤ ዘበኛውም ድንኳኑን ነቅሎ ተከተላቸው። ለእኛ የቀረልን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ከቤት ቁመት የሚበልጥ ገደል ነው። ክረምቱ ሲገባ ውሃ ሞላው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከደረሶቼ አንዱ ፍየሎቹን ሊያጠጣ ወደዚያ ወረደ። ዕድሜው አሥር ነበር፤ ዐመ ጁዝእን ጨርሶ ተባረክን ጀምሯል። የጉድጓዱ ጠርዝ በዝናብ ላልቶ ኖሮ ከእግሩ ሥር ተናደ። ውሃው ጭቃማ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም፤ ዳሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚጨበጥ ነገር የለውም። ዋና የሚችሉ ወጣቶች ያወጡት መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ነው። ካጠቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። በጥፍሮቹ ውስጥ ቀይ አፈር ነበር።

በለቅሶው ቤት የሚባለውን ሁሉ አልን። ቀዳእ ወቀደር ነው፣ በውሃ የሞተ ሸሂድ ነው፣ ሰብር አድርግ አልን። ከድርጅቱ ወደ ኋላ የቀረ አንድ ሠራተኛም ስኳርና ዱቄት ይዞ መጣ። አባትየው ሁሉንም አመሰገነ። በሦስተኛው ቀን ብቻችንን ስንቀመጥ ግን እንዲህ አለኝ፤ «ኡስታዝ፣ ቀደር ነው አላችሁኝ፤ እኔም አምኜ ተቀበልኩ። ጉድጓዱስ? ነገም እዚያው ነው አይደል?»

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

«ቀደር ነው» ለምትሉ

በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ልጁ የሞተው አላህ (ሱ.ወ.) በወሰነለት ሰዓት ነው። ነገር ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ አዳኝ ድኩላ መስሎት ተኩሶ ሰው ቢገድል ሟቹ በአጀሉ አልሞተም እንላለን? አንልም። በአጀሉ ነው የሞተው። ያም ሆኖ ሸሪዓ በገዳዩ ላይ ከፋራ፣ ለሟቹ ቤተሰብም ዲያ አስቀምጧል። «አጀሉ ደርሶ ነውና የደሙ ካሳ ይቅር» ያለ ዓሊም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

ታዲያ በስህተት ለተተኮሰ ጥይት ተጠያቂ ካለ፣ አውቆ ቆፍሮ፣ አውቆ ትቶ፣ ክረምት እንደሚመጣም አውቆ ለሄደ እንዴት ተጠያቂ ይጠፋል? ቀደር ለተጎዳው ሰው መጽናኛ ሆኖ ሳለ እኛ የጎጂው መሸሸጊያ አደረግነው።

ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ለሕፃናት ገና በሉሕ ላይ ሲቀሩ እንነግራቸዋለን። እሾህ ማንሣት ኢማን ከሆነ፣ ልጆች ፍየል በሚነዱበት መንገድ ዳር ገደል ትቶ መሄድ ምን ሊባል ነው?

ጉዳቱ የአንድ ቀን አይደለም

«ይህ አንድ ጊዜ የደረሰ አደጋ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ቆላ ያልኖረ ሰው ነው። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው፣ በማይፈስ ውሃ ላይ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ የጉድጓዱ ውሃ ጎድሎ በየስርጉዱ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል ተነሥታ የምትበር ትንኝ ለመሆን አሥር ቀን ገደማ ይበቃታል። ይህ ጊዜ ሰሊጥ የሚታጨድበት፣ ከደጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ ሜዳ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ነው። ጉድጓዱ የማንን ደም እንደሚያስከፍል አስቡት።

መሬቱም አለ። የላይኛው አፈር ጥልቀቱ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ እህሉም፣ ሣሩም፣ ዘሩም ያለው በዚያች ሽፋን ነው። ዶዘሩ መጀመሪያ የሚገፋው እርሷን ነው። ከድንጋይ ጋር ተቀላቅላ ከተጣለች ወይም በጎርፍ ከሄደች በአንድ ትውልድ አትመለስም። ጠርዙ በየክረምቱ እየተናደ ቦይ ይፈጥርና ቦዩ ወደ ጎረቤት ማሳ ይገባል። ጠጠሩ የሚወጣበት ድንጋያማ ኮረብታ ደግሞ ዕጣን የሚሰጠን ዋልያ መቀር የሚበቅልበት ነው። የመተማ ዕጣን የስንቱን ቤተሰብ ጎን እንደደገፈ ነጋዴዎቻችን ያውቃሉ። የዛፉ ችግኝ ከከብት አፍና ከሰደድ እሳት አምልጦ የሚያድገው በጣም ጥቂቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሲገፈተር የሚተካው የለም ማለት ይቻላል።

ኪታቡ ምን ይላል?

እኛ የመድረሳ ሰዎች ስለ ማዕድን ስንጠየቅ የምንከፍተው የዘካን ባብ ነው። ከሚወጣው ወርቅና ብር ስንት እጅ እንደሚወጣ፣ መዝሀቦቹ የት እንደሚለያዩ በቃላችን እንይዛለን። ስለሚቀረው ጉድጓድ ማንም አይጠይቀንም፤ እኛም አንናገርም። ኪታቡ ግን ዝም አላለም።

በአገራችን የሻፊዒ መዝሀብ በሚቀራበት ሁሉ ያለውን የኢማሙ ነወዊን ሚንሃጅ ክፈቱ። ኢማሙ (ረሒመሁላህ) ወደ አኺራ የሄዱት በ676 ዓመተ ሂጅራ ነው፤ ዶዘር በማንም ሐሳብ ባልነበረበት ዘመን። የገስብን ባብ፣ ይኸውም የሰውን ሀብት ያለ ሐቅ ስለመያዝ የሚናገረውን፣ ተመልከቱ። የሰውን መሬት አፈር ያነሣ ሰው ያንኑ አፈር ወይም ቢጤውን እንዲመልስ፣ መሬቱንም እንደነበረ እንዲያደርግ ባለመሬቱ ሊያስገድደው እንደሚችል ተደንግጎ ታገኛላችሁ። በገንዘብ ተስማምቶ መሄድ ብቻ አይደለም የተባለው፤ አፈሩ ይመለስ፣ መሬቱ እንደነበረ ይሁን ነው። ዛሬ በየስብሰባው «መሬት መልሶ ማልማት» እየተባለ እንደ አዲስ ዕውቀት የሚነገረን ነገር በደረሶቻችን ጉልበት ላይ ሰባት መቶ ዓመት ተዘርግቶ ኖሯል።

ተቋራጩ «እኔ ቀማኛ አይደለሁም፤ ፈቃድ አለኝ፣ ካሳም ከፍያለሁ» ይል ይሆናል። መልካም። ፈቃዱ ለምን ነበር? ለመንገድ የሚሆን ጠጠር ለማውጣት ነው። ካሳውስ? ለጠፋው ሰብልና መሬቱ ለተያዘበት ጊዜ ነው። ልጅ የሚበላ ገደል ትቶ ለመሄድ ፈቃድ የሰጠው ማን ነው? የተፈቀደለትን ድንበር ያለፈ ሰው ባለፈበት ልክ እንደ ወሰን አላፊ እንደሚቆጠር ፊቅህ የቀራ ሁሉ ያውቃል። በቅሎ ለገንዳ ውሃ ተከራይቶ እስከ ጎንደር የነዳት ሰው በቅሎዋ ብትሞት «ተከራይቻለሁ» ማለት ያድነዋልን?

አንድ የማከብረው ዓሊም ወዳጄ ይህን ስነግረው በጉድጓድና በማዕድን ውስጥ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ እንደሌለ የሚያመለክተውን ሶሒሕ ሐዲስ አስታወሰኝ። ሐዲሱ ከራስ በላይ ነው። ግን ዑለማኡ እንዴት እንደተረዱት አብረን እንይ። ኢማሙ ነወዊ ራሳቸው በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ይህ በገዛ ይዞታው ወይም ባለቤት በሌለው ምድር ለቆፈረ ሰው እንደሆነ ያስረዳሉ፤ አላፊ አግዳሚ ቢወድቅበት ወይም ተቀጥሮ የሚሠራ ቢሞትበት ማለት ነው። በሙስሊሞች መንገድ ላይ ወይም ያለ ፈቃድ በሰው መሬት ላይ የቆፈረ ግን ተጠያቂነት እንዳለ ይናገራሉ። የእኛ ጉድጓድ ሰው ያልደረሰበት በረሃ አይደለም። ከገበሬ ማሳና ከመንደር ግጦሽ የተቆረጠ፣ ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ነው።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ዲያ አለ የለም የሚለውን ፍርድ ዑለማኦቻችን ተቀምጠው ይስጡን። ሐዲሱን ከግማሹ ቆርጦ ለቆፋሪ ጠበቃ መቆም ግን ዕውቀት አይባልም።

«መንግሥት ይሙላው» ለምትሉ

ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖርን የሰው ሁሉ መብት አድርጎታል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ሥራው ሳይጀመር ጉዳቱ እንዲጠና አዘዘ። በ2002 የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ባለፈቃዱ የሚጎዳውን አካባቢ መልሶ ለመጠገን የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብ ደነገገ። ወረቀቱ ይህን ይላል። በእኛ ቀበሌ ግን ዶዘሩ ሳይሄድ «መሬቱ የሚጠገነው መቼ ነው? በማን ገንዘብ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

በኋላ መጠየቅ ምን እንደሚመስል የሌሎች ታሪክ ያስተምረናል። በብሪታንያ፣ በዌልስ አገር፣ አበርፋን በምትባል የማዕድን መንደር ከከሰል ጉድጓድ የወጣው ቆሻሻ ከትምህርት ቤት በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ተቆልሎ ነበር። ነዋሪዎች ሰግተው ተናግረዋል፤ የሰማቸው የለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ጠዋት ክምሩ ውሃ ጠጥቶ ተንሸራተተ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። የቀሩትን ክምሮች ለማንሣት ለሐዘንተኞቹ ከተሰበሰበው የእርዳታ ገንዘብ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ። ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች የገዳዩን አፈር ማንሻ ከፈሉ ማለት ነው። ገንዘቡ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጉጂ፣ በሻኪሶ አጠገብ፣ ወርቅ በግልጽ ጉድጓድ የሚወጣበት ለገ ደምቢ አለ። ነዋሪዎቹ ከማዕድኑ በሚወጣ ኬሚካል የተነሣ ልጆች የአካል ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከብት ያልቃል እያሉ ለዓመታት አቤቱታ አሰሙ። በግንቦት 2010 ተቃውሞው በርትቶ የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራው እንደገና ተጀመረ። ልብ በሉ፤ ማዕድኑ ከመንግሥት ወደ ግል ባለሀብት ከተላለፈ ሃያ ዓመት ግድም ሆኖት ነበር። አቤት ባዩ ሰሚ ያገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ የአሜሪካኖቹን ተመልከቱ። በላዩ ያለው አፈር ተገፎ የሚወጣ የድንጋይ ከሰል ተራራዎቻቸውን ካራቆተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 ሕግ አወጡ። ቆፋሪው ሥራ ሳይጀምር የመያዣ ገንዘብ ያስይዛል። የላይኛውን አፈር ለይቶ ያኖራል፤ መሬቱን ወደ ቀድሞ ቅርጹ አቅርቦ ይመልሳል፤ ያበቅልበታል። ዝናብ በሚበቃበት አምስት ዓመት፣ ዝናብ በሚያንስበት አሥር ዓመት ኃላፊነቱ በላዩ ላይ ይቆያል፤ መያዣው ሙሉ በሙሉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያም ቢሆን ከስረው የጠፉ፣ ዕዳውን በሕዝብ ላይ የጣሉ አልታጡም። ሐሳቡ ግን ቀጥተኛ ነው፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ይያዝ።

በቆላችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን። ዶዘሩ በቦታው ሳለ የገደሉን ጠርዝ ማስተኛትና አፈሩን መልሶ መግፋት የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ማሽኑም ነጂውም ነዳጁም እዚያው አለ። አንዴ በሎቤድ ተጭኖ ከሄደ በኋላ መልሶ ማምጣት ለአንድ መንደር የማይቀመስ ዋጋ ነው።

እኛስ?

እስካሁን ስለ ሌሎች ተናገርኩ። አሁን ስለ ራሴ ልናገር።

ጉድጓዱ ሲቆፈር እኔ የመስጊዳችን ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ግቢያችን በክረምት ጭቃ ሆኖ ሰጋጁ ጫማውን የሚያወልቅበት ደረቅ ቦታ ያጣ ነበር። ፎርማኑን ጠየቅነው፤ አሥራ አንድ ገልባጭ ጠጠር ያለ ክፍያ ደፋልን። በጁምዓ ቀን ስሙን ጠርተን ዱዓ አደረግንለት። በዚያ ሳምንት ባለመሬቱ ገበሬ «ዳሩን ሳያስተካክሉ ሊሄዱ ነው፤ አብራችሁኝ ወደ ወረዳ ውጡ» ብሎን ነበር። የሰጠንን ሰው ማስቀየም አፈርንና «ኢንሻአላህ እናየዋለን» አልነው። አላየነውም።

ዛሬ ለሶላት ስቆም ከእግሬ ሥር ያለው ጠጠር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ልጁ የወደቀበት ገደል በከፊል የተቆፈረው ለመስጊዳችን ነው። እንግዲህ «መንግሥት ይሙላው» ስትሉ እኔን እያሰባችሁ በሉት።

ይህ የእኔ ብቻ ነውር ይሆን? ማሳህን ለጠጠር ያከራየህ ወንድሜ፣ ውሉ ላይ ስለ መመለስ አንዲት ቃል አጻፍክ? ገልባጭ የገዛኸው ነጋዴ፣ በየሌሊቱ ከወንዝ ዳር አሸዋ ስታወጣ ዳሩ እንደሚናድ አታውቅምን? ልጁ በእስካቫተር ነጂነት ተቀጥሮ ደሞዝ የሚልክለት አባት፣ «የቆፈርከውን ሳትሞላ አትምጣ» ብለኸው ታውቃለህ? ዘካውን እንዳወጣን፣ ሰደቃውን እንደሰጠን እንቆጥራለን። የሰው ሐቅ ግን በሰደቃ አይታጠብም፤ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ምን ይደረግ?

«መንገድ አንፈልግም» እያልኩ አይደለም። መንገድ ባይኖር ሰሊጣችን ገበያ አይደርስም፤ ምጥ የያዛት እናትም ጎንደር ሳትደርስ ትቀራለች። የምለው መንገዱ ሲሠራ ጉድጓዱም ይመለስ ነው። እንዴት እንደሚመለስ ከሚያውቁት ጠይቄ የተረዳሁትን እነሆ።

አንደኛ፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ማን ይሞላዋል፣ መቼ፣ በየትኛው ገንዘብ? ባለመሬቱ፣ ቀበሌውና የአገር ሽማግሌዎች ይፈርሙበት። መሬቱ ሳይመለስ የመጨረሻው ርክክብ አይደረግ።

ሁለተኛ፣ የላይኛው ለም አፈር ተገፎ ለብቻው፣ ጎርፍ በማይወስደው ቦታ ይቀመጥ። ከድንጋይ ጋር አይቀላቀል፤ በጣም ከፍ ተደርጎ አይቆለል፤ ክረምት የሚያልፍበት ከሆነ ሣር ይዘራበት።

ሦስተኛ፣ ሲሞላ ድንጋዩና ተረፈ አፈሩ ከታች፣ ለሙ አፈር ከላይ ይሁን። ከባድ መኪና የረገጠው መሬት እንደ ሊሾ ስለሚጠጥር ለሙ አፈር ከመልበሱ በፊት በዶዘሩ ጥርስ ይሰንጠቅ። አለዚያ ሥር አይገባውም፤ ውሃም አይሰርገውም።

አራተኛ፣ የሚሞላበት አፈር የማይበቃ ከሆነ ቢያንስ ገደሉ ሰው ወጥቶ በሚወርድበት ልክ ይተኛ፤ ውሃውም መውጫ ይኑረው። መንደሩ ለከብት ኩሬ ይሁንልን ቢል እንኳ በአንድ በኩል ረጋ ያለ መውረጃ፣ ዙሪያውን አጥር ይደረግለት። ኩሬ የሚባለው ይህ ሲሟላ ነው።

አምስተኛ፣ መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ የአገሩ ግራርና ዋልያ መቀር ይተከል፤ ለጥቂት ክረምት ከከብት ይከለል።

ይህን ሁሉ ዛሬ መናገር ያስፈለገኝ ነገ የሚመጣው ከጠጠርም ሊበልጥ ስለሚችል ነው። ከእኛ ከፍ ብሎ በጭልጋ ምድር የድንጋይ ከሰል እንዳለ ከጥንት ይታወቃል። ባለፉት ዓመታት መንግሥት ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ የሚገባውን ከሰል በአገር ውስጥ ለመተካት ሲገፋ ቆይቷል። ነገ በአካባቢያችን ሰፊ ቁፋሮ ቢከፈት በትንሹ ጉድጓድ አፋችን የተዘጋ ሰዎች በትልቁ ምን ልንል ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

«በዚህ የጦርነት ዘመን ስለ ጉድጓድ?» የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው፤ ዘመኑ ከባድ ነው። በሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ስንቱ በመተማ በኩል ነፍሱን ይዞ እንደገባ በዓይናችን አይተናል፤ በአገራችንም ውስጥ ሰላም ርቆናል። ግን ክረምት ሰላም እስኪሆን አይጠብቅም። ዝናቡ በሰኔ ይመጣል፤ ጉድጓዱም ይሞላል።

ውድ አንባቢያን፣ የእኛን ነገር ልጨርስ። ኮሚቴያችን ተሰብስቦ የአሥራ አንዱን ገልባጭ ዋጋ በመስጊዱ ላይ ያለ ዕዳ አድርጎ መዘገበው። ገንዘቡ ዶዘር ለመከራየት አልበቃም። ስለዚህ ከመኸር በኋላ በየቅዳሜው አካፋና ዶማ ይዘን ወጣን፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ወጡ፤ ልጆቻቸው በዚያው መንገድ ነው የሚያልፉትና። ልጁ የወደቀበትን ዳር በእጃችን ንደን አስተኛነው። አሁን አንድ ሕፃን በዚያ በኩል ገብቶ መውጣት ይችላል። ሦስቱ ዳሮች ገና እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ በእሾህ አጥረናቸዋል። ለወረዳውም በጽሑፍ አመልክተን መልሱን እየጠበቅን ነው።

አባትየው አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ምንም አይናገርም፤ ይቆፍራል። ባለፈው ቅዳሜ ግን አካፋውን አስደግፎ «ኡስታዝ፣ እነዚያ ሦስቱ ከሰኔ በፊት ይደርሳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ደግሞ እናንተን እጠይቃለሁ። በመንደራችሁ ስንት ጉድጓድ አለ? ማን ቆፈረው? ከወጣው ጠጠር በማን ግቢ ገባ? ከዚህ ጁምዓ በኋላ ከመስጊድ ስትወጡ ሄዳችሁ ዳሩ ላይ ቁሙና እዩት።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰው ሐቅ በአንገታችን ይዘን ከፊቱ ከመቆም ይጠብቀን፤ የልጁን ወላጆች ያጽናቸው። አሚን።